ከጀልዴሳ እስከ ቦሌ፤ ስለ ርቀትና ስለ በረራ ጊዜ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል ተብሎ ቢጠየቅ ቢያንስ አራት መልስ ይገኛል፤ አራቱም እውነት ናቸው። አውሮፕላን ነጂው «343 ኪሎ ሜትር ገደማ» ይላል። የቀድሞው ምድር ባቡር ሠራተኛ «470 ኪሎ ሜትር ያህል» ይላል። የጭነት መኪና ነጂው «ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ» ይላል። አራተኛው ሰው ደግሞ ኪሎ ሜትሩን ትቶ «አንድ ሰዓት ነው» ብሎ በጊዜ ይመልሳል።

ዛሬ ለመናገር የተነሣሁት በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀትና የበረራው ጊዜ እንዴት እንደሚታወቅ ነው። ነገሩ የሒሳብ ብቻ ይመስላል፤ ግን አይደለም። እኔ የጀልዴሳ ልጅ ነኝ፤ ጀልዴሳም ርቀት ምን እንደሆነ ከብዙ ከተሞች ቀድማ የተማረች ቦታ ናት። ስለዚህ ሒሳቡን ከሰሌዳው ላይ እንጀምርና መጨረሻውን ወደ ሰዎች እናመጣዋለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ 343 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ፤ በምሥራቅ ኬንትሮስ 38 ዲግሪ ከ48 ደቂቃ ገደማ ላይ ይገኛል። የድሬዳዋው ደግሞ 9 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ ሰሜን፤ 41 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ምሥራቅ ገደማ ላይ ነው። ልዩነታቸው ወደ ሰሜን 39 ደቂቃ፤ ወደ ምሥራቅ 3 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ ይሆናል። በእኛ አካባቢ አንዱ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ድሬዳዋ ከቦሌ 72 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን፤ 335 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ትርቃለች ማለት ነው። የቀረው ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የፓይታጎራስ ሕግ ነው፤ ሁለቱን በየራሳቸው አባዝቶ፤ ደምሮ፤ የድምሩን ሥር ማውጣት። መልሱ 343 ነው። አንድ ካርታ፤ አንድ እርሳስና ሩብ ሰዓት ያለው ተማሪ የሀገሩን አውሮፕላን ማረፊያዎች ርቀት ሁሉ በዚህ ዘዴ ሊያወጣ ይችላል።

የበረራው ጊዜ ግን እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። በዚህ መስመር የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪዩ 400 አውሮፕላን አየር ላይ ከተደላደለ በኋላ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። 343ን ለ650 ብናካፍል 32 ደቂቃ ይደርሰናል። ታዲያ የጊዜ ሰሌዳው ስለ ምን አንድ ሰዓት ገደማ ይላል? አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ጫፍ እስኪደርስ በመሬት ላይ ይነዳል፤ ተራውን ይጠብቃል፤ ሲወጣም ሲወርድም ከሙሉ ፍጥነቱ በታች ይሄዳል፤ ለማረፍ ሲቃረብ ደግሞ ከመንደርደሪያው አቅጣጫ ጋር ለመስተካከል ይዞራል። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበላል፤ ያም ግማሽ ሰዓት መንገዱ አጭርም ቢሆን ረጅም እምብዛም አይለወጥም። እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፤ ርቀቱን በፍጥነቱ አካፍል፤ የመነሻና የማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምር። በአጭር መንገድ ላይ ያ ግማሽ ሰዓት የጉዞው እኩሌታ ይሆናል፤ በረጅም መንገድ ላይ ግን ከቁጥር አይገባም።

ይህን ሕግ ያወቁት የአውሮፕላን ሰዎች ብቻ አይደሉም። የቀድሞ ሲራራ ነጋዴዎችም ያውቁት ነበር። ግመል መጫንና ማራገፍ የጧቱንና የማታውን ሰዓት ይወስዳል፤ ነጋዴውም ቀኑን ሲቆጥር የእግሩን መንገድ ብቻ ሳይሆን ጭነቱንም ይቆጥራል። የሚቆጥርበትም ዋና ቦታ ጀልዴሳ ነበር።

ጀልዴሳ በቆላውና በሐረር ተራራ መካከል የተቀመጠች ናት። ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ በኢሳ ምድር የሚመጣው ቅፍለት ሁሉ እዚህ ይደርሳል። ነጋዴው በየጎሣው ምድር የሚያሳልፈውና የሚጠብቀው አባን ይዞ ይጓዛል። ጀልዴሳ ሲደርስ የቆላው ግመል ሸክሙን አራግፎ ሽቅብ ወደ ሐረር ለሚወጡት አጋሰሶች ያስረክባል፤ ቀረጥም ይከፈላል። ከ1868 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረርን ለአሥር ዓመት ያህል የያዙት ግብጾች የቦታውን ጥቅም ስላወቁ ወታደር አኑረውባት ነበር። በ1879 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላም፤ ራስ መኰንን ሐረርን ሲገዙ፤ ጀልዴሳ የኬላ በር ሆና ቀጠለች።

የዚያ ዘመን ጉዞ ምን ያህል ይፈጅ ነበር? ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ ነጋዴ ሆኖ በ1873 ዓ.ም. ከዘይላ ሐረር የገባው በፈረስ ሃያ ቀን ተጉዞ ነው። ዘይላና ሐረር በቀጥታ መስመር ቢለካ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በቀን ከ14 ኪሎ ሜትር አይበልጥም ማለት ነው። በ1889 ዓ.ም. በሬኔል ሮድ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ጓድ ምኒልክን ለማነጋገር በዚሁ በዘይላ፤ በጀልዴሳና በሐረር መንገድ አልፎ አዲስ አበባ ገብቷል። በዚያን ጊዜ ከውጭ ዓለም ወደ ኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ጀልዴሳ የዛሬውን ቦሌ ያህል ስም ነበራት ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ከዚያ ምድር ባቡር መጣ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር ይሄዳል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን ማስወጣት ወጪው እጅግ የከበደ ስለሆነ ከግርጌው ሜዳ ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ያ ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው ድሬዳዋ አድሮ፤ አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር። ሃያ ቀን ይፈጅ የነበረውን ጉዞ ለለመደ ሰው ይህ ተአምር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንመልከት። በ1895 ዓ.ም. ጀልዴሳ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ከባሕሩም ያላት ኪሎ ሜትር አልጨመረም፤ ከሐረርም አልራቀችም። ነገር ግን ቅፍለቱ ቀረ፤ ኬላውም ትርጉሙን አጣ። ትናንት የሀገር በር የነበረችው ቦታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ «ከድሬዳዋ ወዲያ ያለች» ተባለች። ርቀት ማለት በመሬት ላይ ያለው ርዝመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ርቀትን የሚያሳጥረውም የሚያስረዝመውም ሰዎች መንገዱን በየት በኩል እንደሚያሳልፉ የሚቆርጡት ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ አየር እንመለስ። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው በ1938 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ሲሆን በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን የመንገደኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። የልደታው ሜዳ ለጄት አውሮፕላን የማይበቃ ስለሆነ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም.ም አየር መንገዱ በጄት መብረር ጀመረ። የድሬዳዋው ማረፊያ ዛሬ በራስ መኰንን ልጅ በደጃዝማች ይልማ ስም «አባ ተና ደጃዝማች ይልማ» ይባላል። አባ ተና የፈረስ ስም ነው። አውሮፕላን በፈረስ ስም በሚጠራ ሜዳ ላይ ማረፉ ለእኛ አገር ታሪክ የሚስማማ ይመስለኛል።

አጭሩን መንገድ አይተናል፤ ረጅሙን ደግሞ እንይ። ብዙዎቻችን ዘመድ ያለንበት የአዲስ አበባና የዋሽንግተን መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ፓይታጎራስ አይረዳንም፤ ምክንያቱም ምድር ክብ ናት፤ ክብነቷም በ343 ኪሎ ሜትር ላይ ባይታወቅ በዚህን ያህል ርቀት ላይ ግልጥ ሆኖ ይታያል። መርከበኞች በሚጠቀሙበት ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብናሰምር መስመሩ በሱዳን፤ በቻድ፤ በኒጀር፤ በማሊና በሞሪታንያ አልፎ ውቅያኖስ ይገባል። ርዝመቱም 12,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። አሁን ሉል እናምጣና በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥረን እንያዝ። ክሩ በሱዳን፤ በሊቢያ፤ በአልጄሪያና በእስፓኝ በኩል ያልፋል፤ ርዝመቱም 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በካርታ ላይ ጠማማ የሚመስለው መንገድ ከቀጥተኛው በ500 ኪሎ ሜትር ያጥራል። አውሮፕላን የሚከተለው የክሩን መንገድ ነው፤ ነፋሱና የየሀገሩ የአየር ክልል እስከ ፈቀዱለት ድረስ።

ጊዜውን እናስላ። ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የተረከበው፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። 11,560ን ለ900 ብናካፍል 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ይመጣል፤ ግማሽ ሰዓታችንን ስንጨምር ከ13 ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው መንገደኛ የሚያገኘው ጊዜ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ መካከል ላይ ሳያርፍ ይመጣል።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው መንገደኛ ግን ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ እያረፈ፤ አንድ ጊዜ በሮም፤ አንድ ጊዜ በደብሊን፤ ነዳጅ እየተቀዳለት ነው የሄደው። ሁለቱ ከተሞች ያው ናቸው፤ ርቀቱም ያው ነው፤ ታዲያ መሄጃው ከመመለሻው ለምን በለጠ?

ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አውሮፕላንን የሚያነሣው በክንፉ ዙሪያ የሚያልፈው አየር ነው፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም ይደክማሉ፤ ስለዚህ ለ13 ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ፤ ሙሉ መንገደኛና ጭነት ይዞ መነሣት ያቅተዋል። ስለዚህም ነዳጁን ቀንሶ ይነሣና ዝቅ ካለ ቦታ ላይ አርፎ ይሞላል። የዋሽንግተን ማረፊያ ግን ወደ ባሕር ወለል የተጠጋ ስለሆነ አውሮፕላኑ በወፍራሙ አየር ላይ ሸክሙን ሁሉ ይዞ ይነሣል። ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። በአትላንቲክ ላይ በከፍታ የሚነፍሰው ኀይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ የሚመጣውን ከኋላ ይገፋዋል፤ የሚሄደውን ከፊት ይመልሰዋል።

ተመልከቱ እንግዲህ፤ የጀልዴሳ ግመል ተራራው ሥር ሸክሙን ከፍሎ ለሌላ ያስረክብ ነበር፤ የቦሌ አውሮፕላንም በከፍታው ምክንያት ነዳጁን ከፍሎ ይነሣል። ሁለቱንም ያስገደዳቸው አንድ ተራራማ አገር ነው።

ስለ ሰዓት አቆጣጠርም አንድ ቃል ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። የበረራ ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው፤ ቁጥሩም የሚጀምረው እንደኛ ከንጋት ሳይሆን ከእኩለ ሌሊት ነው። ለምሳሌ አንድ መንገደኛ ከዋሽንግተን በክረምታቸው በእኛ አነጋገር ከጧቱ 5 ሰዓት ተነሥቶ በማግሥቱ ከጧቱ 2 ሰዓት ቦሌ ቢደርስ በሁለቱ ሰዓቶች መካከል 21 ሰዓት አለ። ነገር ግን አዲስ አበባ በዚያ ወቅት ዋሽንግተንን በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ በበጋቸው ደግሞ በ7 ሰዓት። 21 ሲቀነስ 8 የበረራው ጊዜ 13 ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ 11 ተብሎ የተጻፈውን የእኛ 11 ሰዓት መስሎት ወደ ማታ ላይ የሚመጣ መንገደኛ ደግሞ ባዶውን ሜዳ ያገኛል።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ነገሮች፤ የምድር ክብነት፤ የአየሩ መሳሳት፤ ነፋሱ፤ ሁሉም የተፈጥሮ ናቸው። ነገር ግን የበረራን ጊዜ ከነፋስ ይልቅ የሚያስረዝም ሌላ ኀይል አለ። አዲስ አበባና አሥመራ በአየር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁ ነው፤ በእኛ ሕግ ብናሰላው አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል የሚፈጅ መንገድ ነው። ነገር ግን በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ በረራው ተቋረጠ፤ እንደገናም የተጀመረው በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ነው። የአንድ ሰዓት ከሩቡ መንገድ ሃያ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በዚያን ቀን በአውሮፕላኑ የሄዱ ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ ያላዩአቸውን ልጆቻቸውንና ወላጆቻቸውን አግኝተው ሲላቀሱ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በረራው ዳግመኛ ተቋረጠ። አየር መንገዱ ሲመሠረት የመጀመሪያው በረራ ያረፈባት ከተማ ይህች መሆኗን ሳስብ፤ ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ እንደማይለካ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

አሁን ወደ ጀልዴሳ ልመለስ። ጀልዴሳ ለድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ናት፤ ከዚያ የሚነሣ አውሮፕላን ወደዚያ አቅጣጫ ቢዞር ገና ሽቅብ በመውጣት ላይ ሳለ የሚያልፋት ቦታ ናት። በካርታ ላይ ስናያት አዲስ አበባ ከጀልዴሳ የአንድ ሰዓትና የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነች ልንል እንችላለን። ነገር ግን አንዲት ምጥ የጠናባት እናት በክረምት ሌሊት ከጀልዴሳ ወጣ ካለ መንደር ብትነሣ የእርሷ ጉዞ በዚህ ሒሳብ አይወጣም። በመጀመሪያ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ያደርሷታል። ቀጥሎ መኪና ይጠበቃል። አሸዋማው ወንዝ በጎርፍ ከሞላ ደግሞ እስኪጎድል ይጠበቃል። እኔና እናንተ «ቅርብ ነው» የምንለው፤ ለእርሷ ከዋሽንግተን ሊርቅ ይችላል። ከዋሽንግተን የሚመጣው መንገደኛ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ያውቃልና፤ እርሷ ግን አታውቅም።

«ታዲያ አውሮፕላኑ ምን በደለ?» የሚለኝ ይኖራል። አውሮፕላኑ ምንም አልበደለም፤ እኔም በአውሮፕላን ላይ ለመናገር አልተነሣሁም። አየር መንገዳችን የምንኮራበት ነው፤ መኩራትም ይገባናል። ነገር ግን ከዚያው ከአውሮፕላን ሥራ የምንማረው አንድ ትልቅ ልማድ አለ። የአውሮፕላን ሰዎች ርቀትን በጊዜ ይቆጥራሉ፤ ጊዜውንም ሲቆጥሩ በአየር ላይ የሚበረውን ብቻ ሳይሆን መሬት ላይ የሚጠበቀውንም ይጨምራሉ፤ ወቅቱንና ነፋሱንም ያስባሉ። ይህን ልማድ ለገጠሩ መንገዳችን አልተጠቀምንበትም። የገጠሩን መንገድ ስንናገር «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» ብለን እናልፈዋለን፤ መጠበቁን፤ ወንዙን፤ ሌሊቱን አንቆጥርም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተርና ሰዓት ብቻ ይበቃል። በዚህ ግቢ ውስጥ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣን ተማሪዎች አለን። ለዕረፍት ወደየትውልድ ቦታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ ሰንጠረዥ እንሙላ። ከየመንደራችን እስከ ቅርቡ ጤና ጣቢያ፤ እስከ ሆስፒታል፤ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በእግር ስንት፤ በመኪና ስንት፤ መኪና በመጠበቅ ስንት? በበጋ ስንት፤ በክረምትስ ስንት? ለሴት፤ ለሽማግሌ፤ ለታመመ ሰውስ? ስንመለስ ሰንጠረዦቹን ሰብስበን በዚሁ ጋዜጣችን እናትማቸው። የጂኦግራፊና የሒሳብ መምህሮቻችን አሠራሩን እንደሚያርሙልን ተስፋ አደርጋለሁ።

እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ድልድይ አይሠራም፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ድልድይ የሚሠራ ሰው የት እንደሚሠራ ሲጠይቅ የምንሰጠው መልስ ይኖረናል። ጀልዴሳን ከዘመን ጉዞ ውጭ ያስቀራት ተራራው ብቻ አልነበረም፤ የጀልዴሳ ሰው ሐዲዱ በየት ይለፍ ሲባል ሐሳቡን የሚያቀርብበት ወረቀት አልነበረውም። እኛ ወረቀቱም እርሳሱም አለን።

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ያለውን ኪሎ ሜትር ዓለም ሁሉ ለክቶ ጨርሶታል። ከጀልዴሳ መንደሮች እስከ ጤና ጣቢያው ያለውን ሰዓት ግን እኛ ካልለካነው ሌላ ማንም መጥቶ አይለካልንም።